ጎርፍ የሚተክለው ደን

ግድብ በወንዝ ዳር ዛፎች ላይ ምን እንዳደረሰ ለማወቅ የመጣ ተመራማሪ ቀና ብሎ አይሄድም። አንገቱን ደፍቶ፣ መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚራመደው። የሚፈልገው ቡቃያ ነው፤ የጣት ቁመት ያለው፣ ሁለትና ሦስት ቅጠል ያወጣ፣ ከፍየል ዐይን የተረፈ። ከራሱ በላይ የተንሰራፋው ሾላ ምንም ያህል ግዙፍ ቢሆን፣ ከብት ቢያስጠልል፣ ጉሬዛና ወፍ ቢሰፍሩበት፣ ለጥያቄው መልስ የለውም። ያ ዛፍ የበቀለው ከግድቡ በፊት ነው። ሥሩ ውኃ እስካገኘ ድረስ ገና ብዙ ዓመት ቆሞ ይታያል። ተመራማሪው የሚጠይቀው ዛፉ ተተኪ እንዳለው ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ግድብ ይመረቃል። በምርቃቱ ሰሞን ወሬው ስለ ሜጋ ዋት ነው፤ ክርክሩ ደግሞ ስለ ተፈናቃይ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ድንበር ተሻጋሪ ውኃ። የወንዝ ዳር ዛፍ ጠበቃ የለውም። ሆኖም ከሥነ ዕፅዋት፣ ከአፈር ጥናትና ከወንዝ ምሕንድስና ትንሽ ትንሽ ቆንጥሮ የቆመ አንድ ሙያ አለ። ሥራው ወንዝ በግድብ ሲገራ የዳርቻው ዕፅዋት ምን እንደሚሆኑ መከታተል ነው። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ የሚያጠናው ጉዳት ገሃድ እስኪወጣ የሰው ልጅ ተወልዶ ልጅ የሚያደርስበትን ያህል ጊዜ ሊፈጅ ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት ከጎርፍ መጀመር ይሻላል። ጎርፍን የምናውቀው ቤት ሲያፈርስ፣ ከብት ሲወስድ ነው። ለወንዝ ዳር ዛፍ ግን ጎርፍ ገበሬው ነው፤ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጠጣል። ወንዙ ሲሞላ የቆየውን ሣርና ቁጥቋጦ ጠራርጎ ፀሐይ የሚያገኝ ባዶ መሬት ይከፍታል። ከደጋ ያግበሰበሰውን ደለል ያለብሰዋል። ተንሳፍፎ የመጣውን ዘር ዳር ላይ አራግፎት ይሄዳል፤ ሲጎድልም ከመሬቱ ሥር እርጥበት ትቶ ነው። ከዚያ በኋላ ሩጫ ይጀመራል። የወንዙ ውኃ በየቀኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ከዳርቻው ሥር ያለው የከርሰ ምድር ውኃም አብሮ ይወርዳል፤ የቡቃያው ሥር ደግሞ እሱን እያሳደደ መውረድ አለበት። ውኃው ቀስ ብሎ ከወረደ ሥሩ ይደርስበታል። ድንገት ከሸሸ ግን ቡቃያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠውልጎ ይቀራል።

ይህን ሩጫ በቁጥር ያስቀመጡት በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር የሚሠሩት ጆን ማሆኒና የሌዝብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ስቱዋርት ሩድ ናቸው። በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን አሜሪካ ወንዞች ዳር የሚበቅለው የፖፕላር ዓይነት ዛፍ ቡቃያው የሚጸድቅበትን ስፍራ ለክተው አሳዩ። ከወንዙ የበጋ ውኃ ልክ በላይ ከ60 እስከ 200 ሴንቲ ሜትር ባለው ከፍታ መካከል ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ የበቀለውን ቀጣዩ ሙላት ወይም የክረምቱ በረዶ ይጠርገዋል፤ ከፍ ብሎ የበቀለው ይጠማል። ውኃው የሚወርድበት ፍጥነትም በቀን ከ2.5 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የዛፉ ዘር ከረገፈ በኋላ ነፍስ የሚኖረው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ሙላቱ በሰዓቱ መድረስ ይኖርበታል። ቦታው፣ ጊዜውና ፍጥነቱ ካልተገጣጠሙ ዓመቱ ያለ ፍሬ ያልፋል። ባልተገደበ ወንዝ እንኳ በየዓመቱ አይገጣጠሙም፤ ለዚህም ነው በብዙ ወንዞች ዳር ዛፎቹ በዕድሜ ተሰልፈው የሚገኙት። እያንዳንዱ ረድፍ የአንድ ደህና ጎርፍ ልጅ ነው።

ግድብ ይህን ሥርዓት የሚያፈርሰው በክፋት አይደለም። ተርባይን ዓመቱን ሙሉ እኩል ውኃ ይወዳል፤ ስለዚህ መሐንዲሱ የክረምቱን ሙላት ይዞ ለበጋው ያከፋፍለዋል። ሙላት ሲቀር ማረሱም መዝራቱም ይቀራል። ደለሉ ግድቡ ጀርባ ይተኛል፤ ደለሉን አራግፎ የወጣው የጠራ ውኃ ደግሞ እንደገና ሊሸከም ስለሚችል ከታች ያለውን የወንዝ ወለል እየፋቀ ይወስዳል። ወለሉ ሲወርድ የከርሰ ምድር ውኃውም ይወርድና ዳር ላይ ከቆመው ዛፍ ሥር ይርቃል። ለግድቡ ቅርብ በሆነው የወንዙ ክፍል ሌላ ጣጣ አለ። የመብራት ፍላጎት ሲጨምር ውኃው ይለቀቃል፣ ሲቀንስ ይገታል፤ ዳርቻውም በአንድ ቀን ውስጥ ይረጥባል፣ ይደርቃል። ይህን መዋዠቅ የሚችል ቡቃያ ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ተመልካችን የሚያታልለው ግን አረንጓዴው ነው። ክረምት ከበጋ የማይለዋወጥ ውኃ ባለበት ዳር ላይ ሸምበቆ፣ ፊላና ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣል፤ የሚጠርገው ጎርፍ የለማ። ከሰማይ ሆኖ ለሚያይ ሳተላይት ወንዙ ከቀድሞው ይልቅ ለምልሟል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ወንዝ ላይ ግሌን ካንየን ግድብ በ1963 ከተዘጋ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። ቀድሞ የፀደይ ሙላት በየዓመቱ ያጥበው የነበረው አሸዋማ ዳርቻ፣ ከሌላ አህጉር የመጣው ታማሪስክ የሚባል ቁጥቋጦ መናኸሪያ ሆነ። በ1996 የግድቡን ውኃ ለሰባት ቀን በብዛት ለቀው ሰው ሠራሽ ጎርፍ ሞከሩ። አሸዋው ተመልሶ ዳር ዳሩን ሞላ፤ ሥር የሰደደው ታማሪስክ ግን ንቅንቅ አላለም። አንዴ የገባን እንግዳ ለማስወጣት ለሳምንት የተለቀቀ ውኃ አይበቃም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከኦሞ የተሻለ ወንዝ የለንም፤ ከኦሞ የባሰም የለንም። ኦሞ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ሐይቁ ከሚያገኘው የወንዝ ውኃ አብዛኛው የእርሱ ነው። ግልገል ጊቤ ሦስት፣ 243 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ፣ ግንባታው በ2006 ተጀመረ፤ በ2015 መጀመሪያ ውኃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2016 ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከግድቡ በታች፣ በታችኛው ኦሞ፣ ቦዲ፣ ሙርሲ፣ ካራ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች ሙላቱ ሲጎድል በተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ከእነርሱ ማሳ አጠገብ ደግሞ ሾላው፣ ሁመሩና ግራሩ የሚበቅሉበት ዳርቻ ነበር። ሰውም ዛፍም የሚጠብቁት አንድ ሙላት ነበር ማለት ነው። ስለ ሰዎቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ዛፎቹ የተጻፈው በአንድ ክንድ ታቅፎ የሚሄዱት ነው።

ከዚያ ጥቂት ውስጥ የክላውዲያ ካር ሥራ ሚዛን ይደፋል። ካር በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የቅሪተ አካል አጥኚዎች በታችኛው ኦሞ በሰፈሩበት ዘመን፣ የወንዙን ዳር ዕፅዋት ከውኃው እስከ ደረቁ ሜዳ ድረስ እየቆጠረች መዘገበች። የዳሰነችን የአርብቶ አደር ሕይወት የያዘው መጽሐፏ በ1977 ወጣ፤ የኦሞ ዳር ዕፅዋት አሰፋፈር ላይ ያተኮረው ጽሑፏ በ1998 ታተመ። ያገኘችው በጥቅሉ እንዲህ ነው፦ ወንዙ በራሱ ደለል ዳርና ዳሩን ከፍ አድርጎ በሠራው ጉብታ ላይ ረጃጅም ዛፎች ያሉት ደን ይቆማል፤ ከጉብታው ወደ ኋላ ሲሄዱ ደኑ ይሳሳና ጫካ፣ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ሙላት የሚያረጥበው የሣር ሜዳ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ደረቁ ቆላ ነው። ደኑን እዚያ ያስቀመጠው ወንዙ ነው። ካር ኋላ ላይ የጊቤ ሦስት ብርቱ ተቃዋሚ ሆናለች፤ አንባቢ በዚያ ላይ የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል። የ1970ዎቹ ቆጠራዋ ግን ከሙግቱ በፊት የተሠራ ነው፤ ለማንኛውም ወገን ያገለግላል። ከግድብ በፊት ምን እንደነበረ በጽሑፍ ያለው የአፍሪካ ወንዝ በጣት የሚቆጠር ነው።

የግድቡ ባለቤቶች ነገሩን ጨርሶ አልዘነጉትም። በ2009 በወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በየዓመቱ መስከረም ላይ ለዐሥር ቀን በሰከንድ 1,000 ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ለመልቀቅ ታቅዶ ነበር። ቁጥሩን ሲያዩት ብዙ ነው። ነገር ግን የጥንቱ የኦሞ ሙላት በክረምቱ መግቢያ ቀስ ብሎ ተነሥቶ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ለሳምንታት እየጎደለ የሚሄድ ነበር። ለቡቃያ ደግሞ ወሳኙ የሙላቱ ጫፍ ሳይሆን ጅራቱ ነው። በዐሥረኛው ቀን በሩ ቢዘጋና ውኃው በአንድ ሌሊት ቢሸሽ፣ ዘሩ ተዘርቶ ሥሩ ውኃ ሳያገኝ ይቀራል። የሚያስቆጨው መድኃኒቱ ርካሽ መሆኑ ነው። በአልበርታ የኦልድማን ወንዝ ግድብ ሠራተኞች በ1995 ትልቅ ጎርፍ በመጣ ጊዜ፣ በእነ ሩድ ምክር፣ ውኃውን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ለቀቁት፤ ዳር ዳሩ በቡቃያ ተሞላ። አዲስ ግንባታ አላስፈለገም። የበሩን መዘውር የሚያዞረው ሰው በምን ፍጥነት እንደሚያዞረው መመሪያ ማግኘቱ በቂ ነበር።

ከኦሞ ድንበር ተሻግሮ፣ ወደዚያው ቱርካና ሐይቅ የሚወርድ ሌላ ወንዝ አለ፦ የኬንያው ቱርክዌል። እርሱ በ1991 ተገድቧል፤ ግድቡ 153 ሜትር ቁመት፣ 106 ሜጋ ዋት አቅም አለው። እንግሊዛዊው የመልክዐ ምድር ምሁር ቢል አዳምስ ግድቡ ሳይጠናቀቅ በ1989 ስለ ዳርቻው ደን ስጋቱን ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ዮርን ስታቬና ከኬንያ ቦረና ወገን የሆነው ጉፉ ኦባ፣ ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ወንዙን ዓመታት ሠሩበት። ለእኔ ከሥራቸው ሁሉ የሚጥመኝ ከዛፍ ቆጠራው ጎን ለጎን የሰዎቹን ሥርዓት መመዝገባቸው ነው። ቱርካናዎች «ኤክዋር» የሚሉት ደንብ አላቸው። በወንዙ ዳር ያለው ግራር ለቤተሰብ ለቤተሰብ የተከፋፈለ ነው፤ በደረቁ ወራት የሚረግፈው ፍሬ የዚያ ቤተሰብ ፍየሎች ድርሻ ነው፤ ሌላው ሳያስፈቅድ አይነካም። ባለቤት ያለው ዛፍ ታሪክ አለው። የትኛው ዛፍ መቼ እንደደረቀ፣ ከየት ወዲህ ቡቃያ እንደጠፋ የሚያውቅ ሽማግሌ አለ። የሳተላይት ምስል ይህን አይነግርም።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ሜዳ ላይ ያዩትን ወስደው በሙከራ ፈተኑት። ጃንጥላ የመሰለውን ግራርና ገርቢን ከዘር አብቅለው፣ ከሥራቸው ያለውን ውኃ በተለያየ ልክ ዝቅ እያደረጉ፣ ሥርና ቅጠላቸው ምን ያህል እንደሚያድግ ለኩ። ገርቢ በኢትዮጵያም ገበሬ ማሳው ውስጥ የሚተወው ዛፍ ነው፤ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል። ሜዳ ላይ ግን ፍየሉ፣ ሙቀቱ፣ አፈሩና ውኃው በአንድ ላይ ይመጣሉ፤ የውኃውን ድርሻ ለብቻው ለማየት እንዲህ ያለ ሙከራ ግድ ይላል።

የሜዳው ሥራ በየወንዙ ይመሳሰላል። ከውኃው ጠርዝ ጀምሮ ከወንዙ ፍሰት አግድም ወደ ሜዳው የሚሄድ መስመር በሲባጎ ይወጠራል። በመስመሩ ላይ በየተወሰነ ርቀት ካሬ ይከለላል፤ በካሬው ውስጥ ያለው ሁሉ ይቆጠራል። የትልቁ ዛፍ ግንድ ከመሬት በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በሜትር ይጠመጠማል፤ ቡቃያው በጉልበት ተንበርክኮ ይቆጠራል። የእያንዳንዱ ካሬ ከፍታ ከወንዙ ውኃ ልክ አንጻር በቅየሳ መሣሪያ ይያዛል፤ ያለዚህ ሁሉም ድካም ከንቱ ነው፣ ጥያቄው «ይህ ቦታ በዓመት ስንት ቀን ውኃ ይተኛበታል» ስለሆነ። ቱቦ ተቀብሮ የከርሰ ምድር ውኃው ጥልቀት በየጊዜው ይለካል። ገንዘብ ያለው ቡድን ከዛፉ ቅርንጫፍ ጥቂት ውኃ መጥጦ ላቦራቶሪ ይልካል፤ በውኃው ውስጥ ያሉት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ዓይነቶች ምጥጥን ዛፉ ከወንዙ ነው ወይስ ከዝናብ የሚጠጣው የሚለውን ይጠቁማል።

በመጨረሻ ቁጥሩ ተደርድሮ ሥዕል ይሆናል። ጤነኛ ደን ብዙ ቀጭን፣ ጥቂት ወፍራም ግንድ አለው። ግድብ የዘጋው ደን ሥዕል ላይ ቀጭኑ በኩል ባዶ ይሆናል። ዕድሜውን ግን ከውፍረቱ ብቻ መናገር አስቸጋሪ ነው። የሰሜኑ ዓለም ሰዎች ግንዱን በስተው የዓመት ቀለበት ይቆጥራሉ፤ የእኛ ቆላ ዛፍ ግን ብዙ ጊዜ ዝናቡን እንጂ ዓመቱን አይመዘግብም፤ በዓመት ሁለት ዝናብ ካለ ሁለት ቀለበት፣ ድርቅ ከሆነ ምንም።

ስሙ ያልታወቀ ተክል ተጭኖ ይደርቅና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይላካል። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የዘረዘረው ባለብዙ ቅጽ ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 እስኪጠናቀቅ ድረስ የዚህ ቤት ሰዎች፣ ከእነርሱም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ ሦስት ዐሥርት ዓመት ደክመውበታል። ያ ሥራ ባይኖር የወንዝ ዳር አጥኚው «አንድ ዓይነት ቁጥቋጦ» ብሎ ከመጻፍ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ለድሮው መልክ ደግሞ ሌላ ያልታሰበ ሀብት አለ። ጣልያኖች ከ1935 እስከ 1941 ከአውሮፕላን ያነሷቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች አዲስ አበባ፣ ካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተገኝተዋል። ለወረራ የተነሣ ፎቶ ዛሬ ከግድብ በፊት የነበረን ዛፍ ለመቁጠር ሊያገለግል ይችላል፤ መደበኛው የሲቪል ሳተላይት ምስል ግን ከ1972 ወዲህ ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፦ ያጠፋው በእርግጥ ግድቡ ነው? አዋሽን እንውሰድ። የቆቃ ግድብ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1960 ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የሆነውን ማየት ነው፦ ወዲያው የጥጥና የሸንኮራ እርሻ ተከተለ፣ አፋሮች በደረቅ ወራት ከብት ያወርዱበት የነበረው የሙላት ሜዳ ታረሰ፣ የወንዝ ዳሩ ግራር ለእርሻና ለከሰል ተመነጠረ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ደግሞ ፕሮሶፒስ የሚባል ባዕድ ዛፍ አሸዋ ይይዛል፣ ጥላ ይሆናል ተብሎ ገባ። ከብት ፍሬውን በልቶ በእበቱ አዛመተው፤ ጎርፍም አገዘው፤ ዛሬ በአፋር ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ በተለያየ መጠን ተሰራጭቷል። በዚህ ሁሉ መካከል ቆሞ «የወንዝ ዳሩን ደን ቆቃ አጠፋው» የሚል ሰው ማስረጃ አላቀረበም። «ቆቃ የለበትም» የሚልም እንዲሁ። ግድቡ ጎርፉን ባይገራው እርሻው ባልመጣ ነበር፤ የዛፉ ገዳይ የአንድ ሰው መጥረቢያ ቢሆንም መንገዱን የከፈተው ሌላ ነው። የአዋሽን ነገር ግድብ፣ እርሻና ፕሮሶፒስ ብሎ ለየብቻ ማጥናት ለእኔ የቢሮ ክፍፍል እንጂ የወንዙ እውነት አይመስለኝም።

እንዲህ ያለውን ድብልቅ ለመፍታት ሙያው የሚመርጠው መላ ማወዳደር ነው፤ የተገደበን ካልተገደበ፣ ከግድብ በፊት ያለውን ከግድብ በኋላ ካለው። ስዊድኖች በዚህ ዕድለኞች ናቸው። የኡሜ ወንዝ በግድብ ላይ ግድብ ተደርድሮበታል፤ ገባሩ የቪንደል ወንዝ ግን መንግሥት በ1970 እንዳይነካ ስለወሰነ እንደተፈጥሮው ይፈሳል። በኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ክሪስተር ኒልሰንና ባልደረቦቹ ሁለቱን ጎን ለጎን እያዩ ዓመታት ሠሩ። ዘር በውኃ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ትናንሽ የእንጨት ኩቦች ወንዝ ላይ ይለቁና የተራገፉበትን ይቆጥሩ ነበር፤ ኩቦቹ ብዙ በተከማቹበት ዳር የዕፅዋቱም ዓይነት ይበዛል። ከተገደቡ እስከ 70 ዓመት የሆናቸውን ዳርቻዎች ሲያዩ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላም እንደ ነጻው ወንዝ አልሆኑም። ይኸው ቡድን በ2005 የዓለምን 292 ትልልቅ የወንዝ ሥርዓቶች መርምሮ 172ቱ በግድብ ተነክተዋል ብሏል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለጣና ሰው ነገሩ በደንገል ይገባዋል። ጨራ ጨራ ላይ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በር፣ በ1996 የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2003 ሐይቁ ከልኩ በታች ሲወርድ ጀልባ መሄድ ተቸገረ፣ ዳር ዳሩ የነበረው ደንገል ደረቀ፣ ገበሬዎችም የተገለጠውን የሐይቅ ወለል አረሱት። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውኃ ሲሸሽ አብሮ አይሄድም። ከሐይቁ በታች ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። በ2010 የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ውኃው በዋሻ ወደ በለስ ስለሚዞር ፏፏቴው ላይ የሚደርሰው እጅግ አነሰ፤ በጢሱ እርጥበት ይኖር የነበረው የገደሉ ልምላሜም በዓመት ውስጥ ለጥቂት ወራት የሚመጣ እንግዳ ሆነ። የዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ ማቲው ማካርትኒና ባልደረቦቹ፣ ለዚያ የወንዙ ክፍል ምን ያህል ውኃ መተው እንዳለበት አስልተው አሳትመዋል። ቀመሩ እንግዲህ አለ፤ ተርባይኑም አለ።

በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ይይዛል። ከግድቡ በታች ያለው የኢትዮጵያ ዳርቻ አጭር ነው፤ ዛፉን የሚያየው ሱዳን ነው። በሱዳን የሰማያዊ ዓባይ ዳር «ሱንት» የሚሉት ግራር ሙላት በሚተኛባቸው ጎድጓዶች ውስጥ ይበቅላል፤ ለባቡር ሐዲድ እንጨት ሲባል ከ1930ዎቹ ጀምሮ በዕቅድ ሲቆረጥና ሲተከል የኖረ ደን ነው። ወንዙ በሰናር ግድብ በ1925፣ በሮሴሬስ በ1966 አስቀድሞ ተገርቷል፤ የአዲሱን ግድብ ድርሻ ከእነርሱ ለይቶ ማውጣት ስለዚህ የአዋሽ ዓይነት ሥራ ይሆናል።

እኔ የምኖረው ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ነው፤ እዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ማሮዲ ጄህ ዝናብ ሲጥል ለሰዓታት ይደነፋል፣ ከዚያ አሸዋ ይሆናል። ውኃው አይጠፋም፤ አሸዋው ሥር ይገባል። ዳር ያሉት ግራሮች በጂላል፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ለምልመው የሚታዩት ከዚያ እየጠጡ ነው። ኦሞ ላይ እንዳለው ያለ ግድብ እዚህ የለም፤ ግን ወንዙ ከጣጣ ነጻ ነው ማለት አይደለም። አሸዋው ለግንባታ በጭነት መኪና ይጫናል፤ አሸዋ ሲነሣ የውኃው ማስቀመጫ ነው የሚነሣው። ፕሮሶፒስም ደርሶ ዳር ዳሩን ይዟል። አዋሽን የሚያውቅ ሰው ሐርጌሳ ሲመጣ ይህን ዛፍ ማንም ሳያስተዋውቀው ያውቀዋል።

በእንዲህ ያለ አገር የሚሠራው ግድብ ሌላ ዓይነት ነው። የአሸዋ ግድብ ይባላል፤ በደረቅ ወንዝ ላይ የሚሠራ ዝቅ ያለ የሲሚንቶ ግንብ። ጎርፉ ሲመጣ ጀርባው በአሸዋ ይሞላል፤ በአሸዋው ውስጥ ውኃ ይቀመጣል፤ ትርፉ ጎርፍ ከላዩ ዘልሎ ይሄዳል። ኬንያ ውስጥ፣ በተለይ በኪቱይ፣ እጅግ ብዙ አሉ። ኬት ራያንና ፖል ኤልስነር በ2016 ባሳተሙት ጥናት በሳተላይት ምስል አይተው፣ ከአሸዋ ግድብ አጠገብ ያለው ዕፅዋት ድርቅን ከሌላው የተሻለ እንደሚቋቋምና ቶሎ እንደሚያገግም አሳይተዋል። ግድብ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ለመረዳት ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ሙላቱን የማይውጥ፣ ውኃውን ከሥር የሚያቆይ ግድብ ለዛፍ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያዩት አረንጓዴ ነው፤ ቡቃያ አልቆጠሩም። አረንጓዴው ግራር ይሁን ፕሮሶፒስ ከአረንጓዴነቱ ብቻ አይለይም።

በሶማሌላንድ የዝናብ ውኃ ማቆሪያና ትናንሽ ግድቦች እየተሠሩ ነው፤ ገና የሚሠሩም አሉ። እዚህ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በብዙ ወንዞች ላይ ያመለጠው ዕድል በእጁ ነው፤ ግንቡ ከመቆሙ በፊት መድረስ ይችላል። የሚያስፈልገው ሲባጎ፣ ሜትር፣ የቅየሳ መሣሪያና ዛፉን በሶማሊኛ ስሙ የሚያውቅ አንድ እረኛ ነው። ግንብ ሊሠራበት የታሰበ አንድ ወንዝና ለጊዜው ማንም ያላሰበበት ሌላ ወንዝ ይመርጣል። ጉ፣ የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ፣ ካበቃ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሁለቱም ዳር ቡቃያ ይቆጥራል፤ ፍየል የማይገባበት ጥቂት ካሬም በእሾህ ያጥራል። በጂላል መጨረሻ ተመልሶ የተረፈውን ይቆጥራል። ግንቡ ከቆመ በኋላም ይህንኑ ይደግማል።